26 ያመጣችው ልጅ

መቼም በዚህ ግቢ ውስጥ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን የማይከፍት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ሌላውን ለመምከር ሳይሆን ባለፈው ሴሚስተር የሠራሁትን ስህተት ለመናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምርምር ዘዴ መምህራችን «አንድ ነገር ለኩና ያገኛችሁትን ጻፉ» ብለው አሳይመንት ሰጡን። እኔም ብዙ ሳላስብ «የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ በዶርማችን» የሚል ርዕስ መረጥኩ። ስድስት ነን፤ ስድስታችንም ከስልካችን ጋር ነው የምንተኛው። ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል?

መለኪያ ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሴሲሊ አንድሪያሰን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የፌስቡክ ሱስ መለኪያ አውጥተዋል። መጀመሪያ የሞከሩትም በእኛው ቢጤዎች፣ በ423 ተማሪዎች ላይ ነው። በኋላ «ፌስቡክ» የሚለው ቃል «ማኅበራዊ ሚዲያ» በሚል ተተክቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ጥያቄዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ባለፈው አንድ ዓመት ምን ያህል ጊዜ ሐሳብሽ እዚያ ላይ ዋለ? የመጠቀም ፍላጎትሽ እየጨመረ መጣ ወይ? የግል ችግርሽን ለመርሳት ትጠቀሚበታለሽ? ለመቀነስ ሞክረሽ አቃተሽ? ስትከለከይ ትረበሻለሽ? ትምህርትሽን ወይም ሥራሽን ጎድቶታል? «በጣም አልፎ አልፎ» ያለች 1፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» ያለች 5 ታገኛለች። ስለዚህ ትንሹ ውጤት 6፣ ትልቁ 30 ነው።

ወረቀቱን በተንኩ፣ ሰበሰብኩ፣ ደመርኩ። 11፣ 13፣ 17፣ 18። የእኔ 14። አንደኛዋ ግን 26! እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ዜና ተገኘ። «በዶርማችን አንዲት ሱሰኛ አለች» ብዬ ጀመርኩና ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ስም አልጠራሁም። ግን እኮ ከማን ጋር እንደማድር የማያውቅ የክፍላችን ልጅ የለም።

ማታ ከላዬ የምትተኛው ጓደኛዬ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ «ሱሰኛዋ እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ቁጥሩን ከደመርሽ በኋላ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም?»

ታላቅ እህቷ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ናት። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት ሥራ ጨርሳ ሌሊት ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ድምፅዋ ይጠፋል። ጓደኛዬ በየደቂቃው ኢሞ የምትከፍተው እህቷ ገብታ እንደሆነ ለማየት ነው። ስልክ ስትከለከል ትረበሻለች ወይ? 5። ሐሳቧ እዚያው ይውላል ወይ? 5። ትምህርቷን ጎድቶታል ወይ? አዎ፣ 5። አንድም አልዋሸችም። እኔ ነኝ ጭንቀትን ሱስ ብዬ ያነበብኩት።

በነጋታው ወደ ራሴ 14 ተመለስኩ። ስልኬ ራሱ የሚቆጥረውን ሰዓት ከፍቼ ሳየው ክው ነው ያልኩት፤ በቀን በአማካይ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ አብዛኛው ቲክቶክ። «ትምህርትሽን ጎድቶታል?» ለሚለው ግን 1 ነበር የሞላሁት፣ ያውም ቪዲዮ ሳይ አድሬ ኩዊዝ በደፈንኩበት ሳምንት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ለካስ ይህ የኔ ብቻ አይደለም። ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ሰው «ይህን ያህል እጠቀማለሁ» የሚለውና መሣሪያው የሚመዘግበው እምብዛም እንደማይገጣጠሙ አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ያዝኩ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ማለቴ ነው። በሃንጋሪ ታዳጊዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት የአደጋውን መስመር 19 ላይ ያሰምረዋል፤ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 24 ላይ። እንግዲህ 20 ያመጣ ሰው በአንዱ ታማሚ፣ በሌላው ጤነኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የቪዲዮ ጌም ሱስ ሲገባ የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ በስሙ አልገባም። ያሳቀኝ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡት ነው። የሱስ መጠይቁን በአካል ለሚያገኙት ጓደኛ አድርገው ቀየሩትና ሰው ጠየቁበት፤ 69 በመቶው «የጓደኛ ሱሰኛ» ሆኖ ተገኘ!

ይህን ስል ሱስ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የኔ 6 ሰዓት አለ፤ የደፈንኩት ኩዊዝም አለ። መለኪያውም ከንቱ አይደለም፤ ከስድስታችን ማን ዘንድ አንድ ነገር እንዳለ በትክክል ጠቁሞኝ ነበር። ምን እንደሆነ ግን ሊነግረኝ አይችልም። እሱን መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር።

መምህራችን ዘንድ ሄጄ እንደገና ልሥራው ስላቸው፣ «ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ አንቺ ነሽ መጀመሪያውን መጨረሻ ያደረግሽው» አሉኝ። ፈቀዱልኝም። ነገ ማይክ ይዘን ሕዝብ መሀል የምንገባ እኛ ብንሆን ይህችን ነገር ብንይዛት አይከፋም።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ቀድማ አንብባዋለች፤ ይውጣ ያለችኝንም አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ስድስታችንም ነቃን፤ የተቆጣ ግን አልነበረም። እህቷ ነበረች።

ቸር እንሰንብት።