ዕቃው ሲመለስ ግብሩ ወዴት ይቀራል?

ደመወዝተኛ ከደመወዙ የሚቀነሰውን ግብር ያውቀዋል፤ በየወሩ ሲፈርም ከፔሮሉ ላይ በቁጥር ተጽፎ ያየዋልና። ከገበያ ዕቃ ጋር ተዳብሎ የሚከፈለው ግብር ግን እንዲህ በግልጥ አይታይም። ከዋጋው ጋር ተቀላቅሎ ከኪስ ይወጣል፤ ብዙዎቻችንም ምን ያህል እንደሆነ፣ ማን እንደተቀበለው፣ ዕቃው ቢመለስ ምን እንደሚሆን ሳንጠይቅ እናልፋለን። የዕቃ ምስል በስልክ እያዩ ማዘዝ በተለመደበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ዝምታችን የቤተሰብን ኪስ ይጎዳል። በዚህ የቤተሰብ ዓምድ በካርቱም የገጠመንን አንድ ክርክር ለውድ አንባብያን የምናቀርበውም ስለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መባቻ ለሥራ ተልከን በሱዳን ዋና ከተማ ሰንብተን ነበር። ዓባያችን ከነጩ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በዚያ ከተማ የኢንተርኔት ንግድ የራሱ ጠባይ ነበረው። አሜሪካ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ጥላው በነበረው የንግድ ማዕቀብ የተነሣ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ እንደ ልብ አይሠራም ነበር፤ ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላም ነገሩ ቶሎ አልተቃናም። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን በፌስቡክ ወይም በዋትስአፕ ያሳያል፤ ገዢው በስልክ ያዝዛል፤ ሞተረኛ ያደርሳል፤ ሒሳቡም በጥሬ ገንዘብ ወይም የካርቱም ባንክ ባዘጋጀው ባንካክ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ይከፈላል።

እኛም ለቤተሰባችን የምንወስዳትን አንዲት የልብስ ስፌት መኪና በዚሁ መንገድ አዘዝን። በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው ዋጋ 40,000 የሱዳን ፓውንድ ነበር። ሞተረኛው ይዞት የመጣው ደረሰኝ ግን 46,800 ይላል። ልዩነቱ፣ 6,800 ፓውንድ፣ ከመቶ 17 የሚታሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስ መሆኑ ተነገረን። በአገሩ ሕግ የተወሰነው መጠን ይኸው ስለነበረ፣ አስቀድሞ ባለመነገሩ ቅር ቢለንም ከፈልን። በማግስቱ መኪናዋ ስትሞከር የእግር መርገጫዋ አልሠራ አለ። ሻጩ ዕቃውን መልሶ ለመቀበል አላስቸገረም፤ 40,000ውንም መለሰ። 6,800ውን ግን «ያ የመንግሥት ነው፤ ከእጃችን ወጥቷል» ብሎ አስቀረው።

ከዚያ በኋላ ምልልስ ሆነ። ስልክ የሚያነሣው ጸሐፊ ወደ ሒሳብ ሹሙ መራን፤ ሒሳብ ሹሙ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሂዱ አለን፤ በሌላ ቀን ስንደውል ሌላ ጸሐፊ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ እንድንነግረው ጠየቀን። ሁሉም ትሑታን ነበሩ፤ «ወንድሜ» ሳይሉ ቃል አይናገሩም። ገንዘቡን የሚመልስ ግን አልተገኘም።

ዐረብኛችን ለዚህ ዐይነት ክርክር የሚበቃ ስላልነበረ፣ በዴም ሠፈር ጀበናቸውን ጥደው ቡና የሚሸጡ፣ እኛም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት የአገራችን ሴት አስተርጓሚ ሆኑልን። እትዬ ፊደል የቆጠሩት ጥቂት ነው፤ ገበያን ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነገሩን አዳምጠው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ የሚላችሁን ሁሉ ተዉትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። ገንዘቡን ለመንግሥት ያስገባው በየትኛው ቀን ነው?» አሉን።

ጥያቄው ነገሩን ቆረጠው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጋዴው በሸጠ ቁጥር ወዲያውኑ ሮጦ የሚያስገባው ገንዘብ አይደለም። የወሩን ሽያጭ ይደምራል፤ ከደንበኞች የሰበሰበውን ታክስ በአንድ ወገን፣ እርሱ ራሱ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን በሌላ ወገን ያስቀምጣል፤ ልዩነቱን አስታውቆ ይከፍላል። የተሸጠ ዕቃ ሲመለስም የቅናሽ ሰነድ ይሠራለታል፤ ታክሱም ከሽያጩ ጋር አብሮ ከሒሳቡ ይወጣል። የእኛ ዕቃ ተሸጦ የተመለሰው በአንድ ወር ውስጥ ነበር፤ ወሩም ገና አላለቀም። እንግዲህ 6,800 ፓውንዱ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚሄድበት ቀን ገና አልደረሰም ማለት ነው። ዕቃው ከሱቁ፣ ታክሱም ከሱቁ ካዝና ነበሩ።

ሒሳብ ሹሙ ይህን ሲጠየቅ ዝም አለ፤ ከዚያም ገንዘቡን በባንካክ እንደሚልክ ቃል ገባ። ነገር ግን ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የአገሩ ጦር ሥልጣኑን ሲይዝ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የስልኩ ኢንተርኔት እስከ ኅዳር 9 ቀን አልተመለሰም። ገንዘቡ በእጃችን የገባው ከዚያ በኋላ ነበር። በቁጥር ሙሉ ነበር፤ ሆኖም የዓመቱ የዋጋ ንረት በዚያው ክረምት ከመቶ 400 በላይ በደረሰበት አገር፣ የዘገየ ገንዘብ የተሸረፈ ገንዘብ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ያ ገበያ እንደ ነበረ አልቀረም። እትዬም ከብዙ ወገኖቻችን ጋር በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገብተዋል። ጥያቄያቸው ግን በእኛም ገበያ ያገለግላል።

ገዢና ሻጭ ተራርቀው ሲገበያዩ ታክሱን ማን ይሰብስብ የሚለው ነገር ታላላቆቹንም አገሮች አከራክሯል። በአሜሪካ የየግዛቱ መንግሥታት በሌላ ግዛት ሆኖ ከሚሸጥ ነጋዴ የሽያጭ ታክስ እንዲያስከፍሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቀደው በ2010 ዓ.ም. በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር ነው። በዚያ አገር የሚለጠፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ታክሱን አይጨምርም፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ለተራ ሸማች የሚታየው ዋጋ ታክሱን ያካተተ ነው።

በአገራችን የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ የተካው የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ቢተካም መደበኛው መጠን ከመቶ 15 እንደሆነ ቀጥሏል። ታክሱን ከገዢው መሰብሰብ የሚችለው ለዚሁ የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነው። ሳይመዘገብ «ቫት አለው» ብሎ የሚጨምር ሰው በመንግሥት ስም ለራሱ ይሰበስባል።

የሒሳቡንም ነገር እናስተውል። ታክሱን ያካተተ ዋጋ 2,300 ብር ከሆነ፣ የዕቃው ዋጋ 2,000፣ ታክሱ 300 ብር ነው። ይህን ለማግኘት ጠቅላላውን ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ይበቃል። በ2,300ው ላይ እንደገና ከመቶ 15 አስቦ 345 ብር የሚጨምር ሻጭ ታክሱን ሁለት ጊዜ ማስከፈሉ ነው።

ስለዚህ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መንገድ ዕቃ የምታዝዙ እኅቶቻችንና ጓዶቻችን፣ ከማዘዛችሁ በፊት «ይህ ዋጋ ታክሱን ይጨምራል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አታጥፉት። ዕቃውን ስትረከቡ የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበትንና ታክሱ ለብቻው የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ስትመልሱ የዋጋውንና የታክሱን ድምር በአንድነት ጠይቁ። ሻጩ እንቢ ቢል አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢው የንግድ መሥሪያ ቤት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብት ለመጠበቅ የወጣ ነውና። ደረሰኝ የለሽ አቤቱታ ግን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ነው።

ይህን ስንል ግብር መክፈልን ለማስጠላት አይደለም። የሠራዊቱ ስንቅና ትጥቅ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤትና የሐኪም ቤቱ መድኃኒት የሚመጣው ከዚሁ ነው። በመንግሥት ስም ተሰብስቦ በነጋዴ ካዝና የሚቀር ገንዘብ ግን ገዢዋንም ግምጃ ቤቱንም ይጎዳል። ይህን የምታስቀር አንዲት የወታደር ሚስት ለቤቷም ለአገሯም ሠርታለች። ስለዚህ የስንቅ ቋት በሚቀመጥበት ጓዳ አንድ የደረሰኝ ሣጥን ይኑር፤ የእትዬም ጥያቄ ከአፋችን አይጥፋ።