ከቁጥር 13 በፊት



ዘጸአት 18ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር ያየውና፣ በዚህ ዓይነት አትዘልቅም፣ ሥራውን ለሌሎች አለቆች አካፍል ብሎ የሚመክርበት ምዕራፍ ነው። በቤተ ክርስቲያን የመሪዎች ሥልጠና ላይ ይህን ክፍል ቢያንስ አምስት ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው ከቁጥር 13 ነበር።

ሥራዬ ቡሬ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ማስተዳደር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ሥራዬን ሳልለቅ የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት በርቀት ጀመርኩ። እንዲህ መማር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ብዙ ወገኖቻችን ተምረውበታል። የቢዝነስ ዶክትሬት ከተለመደው ፒኤችዲ የሚለይበት አንዱ ነገር ጥያቄው ከሥራ ቦታ መነሣቱ ነው። የእኔ ጥያቄ፣ በፋብሪካዎቻችን ውሳኔ ሁሉ ለምን በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል የሚል ነበር። አስቂኝነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስመዘገብ በጸሎት “ለክብርህ ነው ጌታ ሆይ” ብዬ ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። ሙሴም የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሯል፤ መማር መንፈሳዊ አይደለም የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ከፊሉ ግን “ዶክተር” መባል ነበር። በእኛ አገር ይህ ስም በቢሮ ብቻ ሳይሆን በጉባኤም ከፊት ወንበር ያስቀምጣል፤ እኔም ወንበሩን ፈልጌው ነበር።

ቀኑ ለፋብሪካው ስለነበር ለትምህርቱ የቀረኝ ሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። ያ ሰዓት ከብዙ ዓመት ጀምሮ የጥሞና ጊዜዬ ነበር። በመጀመሪያ ግማሹን ለንባብ ወሰድኩ፤ በሁለተኛው ዓመት መጽሐፍ ቅዱሴ ከላፕቶፑ ሥር ሆኖ ከፍ ማድረጊያ ሆነ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ስክሪኑ ከዓይኔ ትክክል እንዲሆን ነበር።

ምዕራፍ ሁለት፣ ማለትም ቀደም ብለው የተጻፉ ጥናቶችን የምገመግምበት ክፍል፣ አላልቅ አለኝ። እዚያ ውስጥ ግራይኩናስ የሚባል የአስተዳደር አማካሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ አለቃ ሥር ያሉ ሰዎች ቁጥር በጥቂቱ ሲጨምር ሊከታተላቸው የሚገቡት ግንኙነቶች እንዴት እንደሚባዙ በቀመር አሳይቷል። አምስት ሰው 100፣ ስድስት ሰው 222። በእኔ ሥር ያሉት ስምንት ናቸው፤ ብሠራው 1,080 መጣ። በግኝቱ ተደስቼ ባለቤቴን ጠራኋት። ልጆቹን ልታስተኛ ገብታ እዚያው እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ያን ክረምት እርሷንና ሁለቱን ልጆች ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ገጠር፣ ወደ አባቷ ቤት ላክኋቸው። “ምዕራፍ ሁለትን እስክጨርስ” አልኳት። ምንም አላለችም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ እኔ አሁንም “አንድ ሳምንት ብቻ” እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ በር ተንኳኳ። አማቴ ናቸው። ባለቤቴንና ልጆቹን በሚኒባስ ይዘዋቸው መጥተዋል፤ ትከሻቸው ላይ የበቆሎ እሸት የሞላ ከረጢት አለ። ተንደርድሬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፣ አቅፈው ሳሙኝ፣ ስለ ሰብሉ ጠየቅኋቸው፣ ወንበር አቀረብኩ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። እስከ ማታ ሲጮኽ ዋለ፤ በመካከሉም ላፕቶፑን እከፍታለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ጥግ ተቀምጠው ያዩኛል።

እራት ላይ ትንሿ ልጄ ትጸልይ ተባለ። “ጌታ ሆይ፣ ምዕራፍ ሁለት አባቴን ይልቀቀው” አለች። ሰው መስሏት ነው። ማንም አልሳቀም።

አማቴ ቆየት ብለው፣ “ልጄ፣ እኔ በሬዬን ከጧት እስከ ማታ ጠምጄው አላውቅም። ቀትር ላይ እፈታዋለሁ። አንተን የሚፈታህ ማነው?” አሉኝ።

“ሦስት ዓመት ነው የቀረው፣ አባባ” አልኳቸው። መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቄዋለሁ። በማግስቱ ባርከውን ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሥልጠና ልሰጥ ስዘጋጅ መጽሐፉን ከላፕቶፑ ሥር አወጣሁ። ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ዘጸአት 18ን ከቁጥር 1 አነበብኩ። ዮቶር ወደ ምድረ በዳ የመጣው ምክር ይዞ አልነበረም። ሙሴ መልሶ ሰድዷት የነበረችውን ሚስቱን ሲፓራን፣ ሁለቱንም ልጆቹን ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞለት ነው የመጣው። ሙሴ ሊቀበለው ወጣ፣ ሰገደለት፣ ሳመው፣ ተጠያየቁ፣ ወደ ድንኳን ገቡ። ሚስቱንና ልጆቹን ስለ መሳሙ የተጻፈ ነገር የለም። አልሳማቸውም ማለቴ አይደለም፤ ያልተጻፈ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን መምህሮቼ አስተምረውኛል። እኔ ግን በራሴ ቤት በዚያ ቅዳሜ ማንን ስሜ ማንን እንዳልሳምኩ አውቃለሁ።

የማኔጅመንት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ይህን ምዕራፍ ሥራን የማካፈል ጥንታዊ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔም በምዕራፍ ሁለት ጠቅሼዋለሁ፣ ያው ከቁጥር 13 ጀምሮ። ደግሞም ምክሩ የመጣው ከጉባኤው ውጪ ካለ ሰው ነው። አማቴ በማርያም ስም የሚመርቁ፣ የእኛን መዝሙር የማያውቁ አባት ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሳቸው ስጸልይ አንድ ነገር ይነግሩኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ያን ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሼ ይቅርታ ጠየቅኋት። “ስለ የትኛው?” አለችኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ እስኪነጋ አወራን።

ዶክትሬቱን አልተውኩም። ለአማካሪዬ ጽፌ የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቅሁ፣ ምረቃው አንድ ዓመት ተገፋ። የግዥና የፈቃድ ፊርማዎችን ለክፍል ኃላፊዎች ሰጠሁ፤ አንዱ በመጀመሪያው ወር ከባድ ስህተት ሠራ፣ ፊርማውን መልሼ ልወስድበት እጄ እየበላኝ ታገሥኩ። 10 ሰዓት ወደ ቦታው ተመልሷል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደግሞ ላፕቶፑ ይዘጋል።

አሁን ምዕራፍ ሦስት ላይ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ “አንድ ሠንጠረዥ ብቻ” ብዬ ከፈትኩት። ትንሿ ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ “አባዬ፣ ለአያቴ ልደውል?” አለችኝ።