ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልምና ስለ ጎሬ ዝናም

ሰው በተፈጥሮው ከሚያስፈራው ነገር ይሸሻል። ዳሩ ግን ገንዘቡን ከፍሎ፥ ወንበር መርጦ፥ ሊፈራ የሚቀመጥበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ሲኒማ ቤት ነው። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ፊልም በዓለም ሁሉ ተመልካች ያላጣው ፍርሃትን ያለ ጉዳት ስለሚያቀምስ ነው። በአገራችንም ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ ሲመልሱ፥ ይልማ ሀብተየስም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሲደርሱ ብዙ አንባቢ ማግኘታቸው ከዚሁ የተነሣ ይመስለናል።

በኢሉባቦር፥ በጎሬ ከተማ የምንኖር ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እንዲህ ያለ አንድ ፊልም ለመድረስ ከተነሣን ሰንብተናል። አስቀድመን ያደረግነው ያየናቸውን ፊልሞች ልማድ በወረቀት ላይ መመዝገብ ነበር። መዝገቡም ብዙ አልረዘመም። ባልሠራው ወንጀል የሚሳደድ ንጹሕ ሰው አለ፤ ሁሉም የሚሻማበት ሰነድ ወይም ሻንጣ አለ፤ የተቈረጠ ቀጠሮ አለ፤ እርዳታ በሚያስፈልግበት ደቂቃ የሚቋረጥ ስልክ አለ፤ ሌሊትና ዝናም አለ፤ በመጨረሻም ከወዳጆች መካከል ከሐዲው ይገለጣል።

ይህን ሁሉ ወደ ጎሬ አምጥተን ብንሞክረው አልሠራ አለን። በከተማችን አንድ እንግዳ ሰው የመጀመሪያውን ስኒ ቡና ሳይጨርስ የማን ዘመድ እንደ ሆነና ለምን ጉዳይ እንደ መጣ ይታወቃል፤ ስለዚህ «ማንነቱ ያልታወቀው ሰው» እዚህ ሊኖር አይችልም። ስልክ ቢቋረጥ ወይም መብራት ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ ሁሉም ሻማውን ፈልጎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ዝናሙማ በኢትዮጵያ እጅግ ከሚዘንብባቸው አገሮች አንዱ የእኛ ስለ ሆነ፥ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የጎሬን ሰው ያስተኛዋል እንጂ አያስፈራውም። ከሌላ አገር የተበደርነው ፍርሃት በእኛ ደጅ ፍርሃት አለመሆኑን በዚህ ተረዳን።

በዚህ ነገር ጌታ የነበረው አልፍሬድ ሂችኮክም ልማድን ገልብጦ መሥራት ያውቅ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በሠራው «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» በሚባለው ፊልም፥ ሊገደል የተፈለገውን ሰው በጨለማ ጎዳና ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፥ መሸሸጊያ በሌለበት ሜዳ ላይ አቁሞ በእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አሳደደው። ይኸው ሰው በ1962 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው ለፍራንሷ ትሩፎ ሲያስረዳ፥ ከጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይደነግጣል፤ ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ አውቆ፥ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሳያውቁ የተርታ ወሬ ሲያወሩ ግን ለብዙ ደቂቃ ልቡ ተሰቅሎ ይቈያል ብሏል። ከዚህ በኋላ እኛም ሁለት ጥያቄ ቀረልን፤ የጎሬ ፀሐያማ ሜዳ የቱ ነው? ከጠረጴዛውስ ሥር ምን እናኑር?

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘነው ከከተማችን ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ በኋላ የጣልያን ጦር በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማውን ያዘ። ነገር ግን በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራው የኢትዮጵያ መንግሥት በጎሬ ነበረ፤ ልዑል ራስ እምሩም በእንደራሴነት ወደዚሁ መጡ። ክረምቱ ሲገባ ከምሥራቅ የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ሆነ፤ ባሮ ግን ሞላ። ባሮ መርከብ የሚያስኬደው በሙላቱ ወራት ስለ ነበረ፥ በ1902 እ.ኤ.አ. ውል መሠረት በሱዳን መንግሥት አስተዳደር ሥር እስከ ነበረው እስከ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ድረስ የእንፋሎት መርከቦች ይመጡ ነበር። እንግዲህ ዝናሙ የጠላትን በር ዘግቶ ወደ ዓለም የሚያወጣውን በር ከፍቶ ነበር ማለት ነው። ዝናሙ ሲያባራ ግን መንገዱ ይደርቃል፤ ወንዙም ይጐድላል። የጣልያን ጦር ጎሬ የገባው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በእኛ ፊልም ቀጠሮውን የሚቈርጠው ሰማዩ ነው፤ ተመልካቹም ዝናም ሲወርድ አርፎ፥ ደመናው ሲገፈፍ ይፈራል።

ታሪኩ በልብ ወለድ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ደብዳቤ ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ጋምቤላ መድረስ አለበት። የሚያደርሱትም አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ አንድ ባለ በቅሎና አንድ አስተርጓሚ ናቸው። ልማዱ ከሦስቱ አንዱ ከሐዲ እንዲሆን ያዛል። በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ።

አንደኛው ባልደረባችን ከሐዲው አስተርጓሚው ይሁን አለ። ለዚህም በዚያ ዘመን አንዳንድ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል የእንግሊዝን ሞግዚትነት ጠይቀው እንደ ነበረ አስረጅ አመጣ። ነገሩ እውነት ነው፤ ከጥያቄውም በስተኋላ የገባር ሥርዓት ያከማቸው ቅሬታ እንደ ነበረ እንዲሁ እውነት ነው። ሌላው ባልደረባችን ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ «የእኔ ቅድመ አያት አስተርጓሚ ነበሩ፤ ልጆቼ ይህን ፊልም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ሲያዩ ዓይናቸውን ወዴት ያድርጉት?» አለ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ አሳቡን ያመጣው ራሱ ሠሪዎቹን ቢወቅስ እንደማይደንቀን ያሰብነውን ሰው፥ «እንግዲያውስ ቀይሩት» ብሎ ወረቀቱን ወደ መካከል ገፋው።

እኛም ከሐዲውን ሰረዝነው። በአዲሱ ረቂቅ፥ ከደብዳቤ አድራሾቹ አንዱ የጠላት ገንዘብ ተቀብሏል የሚል ወሬ በገበያ ሲፈበረክ ተመልካቹ በመጀመሪያው ትዕይንት በዓይኑ ያያል፤ ሐሰት መሆኑንም ያውቃል። ሦስቱ ግን ወሬውን በየፊናቸው ሰምተው፥ እያንዳንዱ ሁለቱን እየጠረጠረ ይጓዛል። ባለ በቅሎው ሌሊት አይተኛም፤ አስተርጓሚው ንግግር ያሳጥራል፤ ጸሐፊው ደብዳቤውን ይሸሽጋል። ከአንድ ወንዝ ሲደርሱም ማን ቀድሞ እንደሚሻገር ሳይስማሙ አንድ ሙሉ ቀን ይባክናል። ከጠረጴዛው ሥር ያኖርነው ቦምብ እንግዲህ ጥርጣሬ ነው። ተመልካቹ «ሦስታችሁም ታማኞች ናችሁ!» ብሎ ሊጮኽ ይቃጣዋል፤ ዝናሙ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ይሄዳል።

ረቂቁ ሦስቱ መንገደኞች በሚነጋገሩባቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በመጻፍ ላይ ነው። የማንሻ መሣሪያም ሆነ ገንዘብ ገና የለንም። ቢሆንም በሌላ አካባቢ የምትገኙ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ብትጀምሩ፥ አስቀድማችሁ የአገራችሁ ሰው በእውነት ምን እንደሚፈራ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የፊልሙን ጠላት ስትመርጡም ልጆቹ አብረዋችሁ ተቀምጠው እንደሚያዩ አስቡ እንላለን።