ካንሰሩ ሞራ ላይ እንዴት ደረሰ?



አክስታችን የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ለወራት ሁለት ሦስቴ ጎርሰው «ጠገብኩ» ይሉ ነበር። ሆዳቸው ይነፋል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል። የጨጓራ መድኃኒት ወሰዱ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ሲታዩ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ሕመሙ የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል ካንሰር ነበር። ሐኪሙ «ሞራው ላይም ደርሷል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል» አሉን። ከዘመዶቻችን ግን «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል» ብለው የተቃወሙ ነበሩ።

ሞራን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአረፋ የፋርጣ በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ መረብ ሸፍኖ የምናገኘው ስብ ነው። የሰው ሆድም እንዲሁ ሞራ አለው።

እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ አጽም አለው። አጥንት ሳይሆን ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች ናቸው፤ አክቲንና ማይክሮቲዩቡል ይባላሉ። ለሕዋሱ እንደ ቤት ምሰሶና ማገር ናቸው። ልዩነቱ፣ ሕዋሱ ማገሩን በደቂቃዎች ውስጥ አፍርሶ በሌላ በኩል ይተክለዋል፤ የሚንቀሳቀሰውም በዚሁ ነው። የካንሰር ሕዋሳት ይህንኑ ለክፉ ይጠቀሙበታል። ከኦቫሪው ተላቀው በሆድ ዕቃ ውሃ ውስጥ ተጠቃለው ይንሳፈፋሉ፤ ሞራ ላይም ያርፋሉ። እዚያ አክቲን ማዮሲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሆኖ እንደ ገመድ ይጎትታል፤ የሞራውን ሽፋን ሕዋሳት ገለል አድርጎ ከሥር ይገባል። ስቡም ምግብ ይሆነዋል።

እንግዲህ የአክስታችን ካንሰር የተሰራጨው ቢላ ሳይነካው ነው። ሐኪሞች ኦቫሪውን ከሞራው ጋር የሚያወጡትም ለዚህ ነው። ይህን ስንረዳ ክርክሩ ቆመ፤ አክስታችንም ተስማሙ።

ከዚያ ኬሞቴራፒ ተከተለ። ከተሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ፓክሊታክሴል ነው። መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ አሜሪካ ለኦቫሪ ካንሰር የፈቀደችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የሚያጠቃው ያንኑ የሕዋስ አጽም ነው። ማይክሮቲዩቡሉን ያደርቀዋል፤ ማገሩን ማፍረስ ያልቻለ ሕዋስ መባዛት ያቅተዋል። ነርቭም በዚሁ ክር ስለሚሠራ የአክስታችን ጣቶች ይደነዝዛሉ።

እህቶቻችን፣ ጤነኛ ሴትን መርምሮ ይህን ካንሰር አስቀድሞ የሚያገኝ አስተማማኝ ምርመራ እስካሁን የለም። የማህፀን በር ምርመራም ይህንን አያሳይም። ስለዚህ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ሕመም ወይም የሽንት መመላለስ አዲስ ሆኖ ከመጣና ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ፣ «አልትራሳውንድ ልታይ» በሉ።

ወንድሞቻችን፣ ከጉና ሥር ካለች ቀበሌ ተነስቶ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ለሕክምና መመላለስ ቀላል አይደለም። ኬሞቴራፒ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ አለው። የአንዲት እናት የመኪና ኪራይ ትልቅ ሶደቃ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ።