የሎሚዋ ቤት ስንት ሊትር ይሁን?

ዛፍ መሬት ላይ ሲተከል ስለ ቤቱ ስፋት የሚጨነቅ የለም። ሥሩ ወደ ወደደው ይሄዳል፤ ድንጋይ ቢገጥመው ይዞራል፣ ውኃ ቢሸተው ይጠልቃል። በዕቃ ውስጥ ሲተከል ግን ዳር ድንበሩን የሚወስንለት ሰው ነው። ጀሪካን ይሁን ባልዲ፣ ቆርቆሮ ይሁን በርሜል፣ «ዓለምህ እስከዚህ ነው» ብሎ የሚፈርድበት የእኛው እጅ ነው። ይህን ፍርድ እንደ ቀላል ነገር የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ነኝና፣ የመጠን ነገር ሲነሣ ልቤ ይነቃል።

የእናቴ ግቢ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ እርሷ እኔ ወደምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ መጣች። ምጣዷን አመጣች፤ ሙቀጫዋን አመጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ደግሞ ጥቂት ሎሚ ቋጥራ አመጣች። ሎሚዎቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስታጠጣው ከኖረችው ዛፍ የተለቀሙ የመጨረሻዎቹ ፍሬዎች ነበሩ። ዘሮቻቸውን በእርጎ ዕቃ ዘራናቸው። ከበቀሉት መካከል አንዲቱ ብቻ ጸናች።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር ልንገርህ፣ ወዳጄ። ይህ ትንሹ፣ ልጣጩ ቀጭን የሆነው የእኛ አገር ሎሚ እንደ ሌሎች ብዙ ዛፎች አይደለም። ከአንድ ዘሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ይወጣል። ከቡቃያዎቹም የሚበዙት የአባትና የእናት ድብልቅ ሳይሆኑ ከእናቲቱ ዛፍ ሥጋ ብቻ የሚበቅሉ ናቸው። እንግዲህ በረንዳችን ላይ ያለችው ሎሚ የዚያች የተቆረጠች ዛፍ ልጅ ብቻ ላትሆን ትችላለች፤ ራሷ ዛፏ ልትሆን ትችላለች። እርሷ ከደረቀች ደግሞ ተመልሰን የምንለቅምበት ግቢ የለም።

እናቴ በርሜል እንድገዛላት ትወተውተኝ ጀመር። «ልጄ፣ የልጅ ልብስ አስፍተው ነው የሚሰፉት። በአንድ ጊዜ ሰፊውን ስጣትና ትደግበት» ትለኛለች። ምን ቸኮልሽ እንዳልላት፣ የቸኮለችበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። ከዘር የበቀለ ሎሚ እስኪያፈራ ዓመታት ይወስዳል። እርሷም የራሷን ዓመታት መቁጠር ከጀመረች ሰንብታለች።

ነገር ግን ሥር እንደ ልጅ ገላ አይደለም። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ዕቃ ስትተከል ውኃ የምትጠጣው ሥሯ ከደረሰበት አፈር ብቻ ነው። የቀረው አፈር እንደረጠበ ይከርማል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ሊኖር የሚገባውን አየር ውኃ ይይዘዋል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ሎሚና ዘመዶቿ ደግሞ እግራቸው ውኃ ውስጥ ሲውል የማይወዱ ናቸው። ዕቃው ከመጠን በላይ ሲጠብም ሌላ መከራ አለ። ሥሩ ግድግዳውን ሲነካ መዞር ይጀምራል፤ እየዞረ እንደ ልቃቂት ይጠመጠማል። ኋላ ወደ ሰፊ ቦታ ቢዛወር እንኳ፣ በእጅ ካልፈቱትና የተጠማዘዘውን ካልቆረጡለት፣ በዚያው በለመደው ክብ መዞሩን አይተውም። ጥበትን የለመደ ሥር በሩ ቢከፈትለትም ቶሎ አይወጣም።

ስለዚህ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ከእርጎ ዕቃው አምስት ሊትር ወደሚይዝ የዘይት ጀሪካን፣ ከዚያ ወደ ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ከዚያም አንገቱ ወደተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሸጋገርኋት። የዕቃ ልክ በዓይን ያታልላል። አፉ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ዕቃ ወደ 25 ቢሰፋና ጥልቀቱም በዚያው ልክ ቢጨምር፣ የሚይዘው አፈር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዓይን ሁለት ጣት ጨመረ ይላል፤ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ ይላል። የሚጠራጠር ሰው በአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ እየሰፈረ ይለካው።

እጥፍ አፈር ግን እጥፍ ዛፍ አይሰጥም። ሄንድሪክ ፖርተር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. 65 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመሳክሩ፣ የዕቃው ስፋት እጥፍ ሲሆን የተክሉ ክብደት በአማካይ በ43 በመቶ እንደሚጨምር አገኙ። ይህችን ቁጥር ሳይ የሙያዬ አመል አልለቀቀኝምና እንደ ወለድ አባዛኋት። ከ5 ሊትር ወደ 80 ሊትር ለመድረስ አራት ጊዜ ማጠፍ ያስፈልጋል። አፈሩ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ተክሉ ግን በዚህ አማካይ ስሌት አራት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስፋት ይጠቅማል፤ ዋጋው ግን ከጥቅሙ ይልቅ ይፈጥናል።

ዋጋውም አፈር ብቻ አይደለም። አንደኛው ውኃ ነው። በፈረቃ ውኃ በሚመጣበት ቤት ትንሽ ዕቃ በበጋ ፀሐይ ከማለዳ እስከ ማታ ሊደርቅ ይችላል፤ ሰፊው ግን ለቀናት ይቆጥባል። ከታች ቀዳዳ ከሌለው ሰፊም ሆነ ጠባብ መቃብር ነው። ብዙ ሰው ውኃው እንዲጠልል ብሎ ከሥር ጠጠር ያነጥፋል። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ከጠገበ በኋላ ነውና፣ ጠጠሩ የሥሩን ቦታ ከመሻማት በቀር የሚፈይደው የለም። ይልቅ አፈሩን ማሻል ይበጃል። ዋልካ በዕቃ ውስጥ ይታፈናል፤ ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰለ ብስባሽ ሲቀላቀሉ ግን ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ዋጋ ክብደት ነው። የረጠበ አፈር በሊትር እስከ አንድ ኪሎ ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ጀሪካኑ 30 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ይዞት ይሄዳል። እናቴ የተመኘችው ባለ 200 ሊትር በርሜል ግን 300 ኪሎ ነው። አምስት ጎልማሶች በረንዳው ላይ አንዲት ቦታ ተጠጋግተው ቀንም ሌሊትም ይቁሙ እንደ ማለት ነው። ግማሹ በርሜል፣ ማለትም 100 ሊትሩ፣ ለአንዲት ሎሚ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ቤት ነው፤ እርሱም 150 ኪሎ ይሆናል። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ መጨመር ባይቻልስ? የነገሥታቱም ዛፎች ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ከ1684 እስከ 1686 እ.ኤ.አ. በተሠራው የብርቱካን ቤት ክረምቱን የሚያሳልፉት ዛፎች በጋውን ወደ ደጅ የሚወጡት በእንጨት ሣጥን እንደተተከሉ ነው። የሣጥኑ ጎን ይከፈታል፤ ሥሩ ይከረከማል፤ አሮጌው አፈር በአዲስ ይተካል። ቤቱ ባይሰፋም አፈሩ ይታደሳል።

የቀረን ምርጫ እንግዲህ ሁለት ነበር። ሎሚዋ በ20 ሊትር ተወስና በረንዳው ላይ ከእናቴ ክንድ ሥር ትቀመጥ፤ ወይስ በግማሽ በርሜል ሆና ግቢ ትውረድ? ቧንቧ ስለሚያልፍበት የግቢውን መሬት መቆፈር አይፈቀድም፤ በርሜል ማስቀመጥ ግን ጎረቤቶቻችን በደስታ ፈቅደውልናል። የምግብ ዘይት የነበረበት በርሜል አግኝቼ አስቆረጥሁት፤ ከሥሩም አስበሳሁት። ችግሩ ደረጃው ነው። የእናቴ ጉልበቶች ሦስት ፎቅ ወርደው መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን በየማለዳው ቅጠሏን በጣቶቿ አሸት ታደርግና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ዕቃው ሲሰፋ ሎሚዋ ትቀርባለች ያልነው ፍሬ፣ ሎሚዋን ከእርሷ የሚያርቅ ሆነ።

ሒሳቡን ሁሉ ነገርኋት፤ ሊትሩንም ኪሎውንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ትውረድ» አለች። «የድሮውም ዛፌ እኮ የእኔ ብቻ አልነበረም። ጉንፋን የያዘው ሁሉ አጥር ይመታ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ አያታለሁ።»

የዝናቡ ወራት ሲገባ፣ ሥሯ ድንጋጤውን በቀላሉ በሚያልፍበት ጊዜ እናወርዳታለን። እስከዚያው በረንዳው ላይ ናት።

ሊትሩን ሰፈርሁት፣ ክብደቱን መዘንሁት፤
የእናቴን ናፍቆት ግን በምን ዕቃ ያዝሁት?
ሥሯ ከታች ይስፋ፣ ጥላዋ ለሁሉ ይድረስ፤
መዓዛዋ ሽቅብ፣ እናቴ ጋ ይገሥግሥ።