በጊዜው የጮኸ ደወል

ሰው ሆኖ የማይረሳ የለም። እናንተም አንድ ቀን ምድጃ ላይ የጣዳችሁትን ድስት ረስታችሁ ቤቱን በጢስ ሞልታችሁት ይሆናል፤ ወይም ደብተራችሁን ከአግዳሚ ወንበር ላይ ትታችሁ ሄዳችሁ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ታላላቆች «ልብህ የት ሄዶ ነው?» ብለው ይቆጣሉ። እኔም ቁጣ የመርሳት መድኃኒት ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ የአጎቴ አሮጌ የጭነት መኪና ነው።

አጎቴ የሚኖሩት በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው አውራ ጎዳና በጣርማ በር ያልፋል። በዚያ ስፍራ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያሠሩት ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ውጭ ደግሞ ጭጋጉ ገደሉንና መንገዱን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ከቤቱ የወጣ ሾፌር እንኳ ጣርማ በር ሲደርስ የፊት መብራቱን ማብራት ይኖርበታል። ከጭጋጉ ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ግን የመኪናው መብራት ለዓይን አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይረሳል።

በአንድ የኅዳር ቀን አጎቴ ከደብረ ሲና እህል ጭነው ሲመለሱ የደረሰው ይኸው ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መኪናውን ከቤቱ ጓሮ አግብተው፣ አፍንጫውን ወደ አጥሩ አዙረው አቆሙት። ቁልፉን ነቅለው ወደ ለቅሶ ቤት በእግራቸው ሄዱ። የፊት መብራቱ እንደ በራ ቀረ፤ ከእኛ መካከል ያየው አልነበረም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አንዲት ጎረቤታችን «ልጄን ምጥ ይዟታልና ድረሱልኝ!» እያሉ በሩን መቱ። አጎቴ ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። መብራቶቹ ሊከስም እንደ ተቃረበ ፍም ቀልተው አየናቸው። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለና ዝም አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ያም ድምፅ ጠፋ። በዚያ ብርድ ነፍሰ ጡሯ በጋቢ ተጠቅልላ በደጃፍ ተቀምጣ ታቃስት ነበር።

ጎረቤቶች ተጠሩ። መኪናውን ከአጥሩ ወደ ኋላ ገፍተን ካወጣነው በኋላ ወደ ቁልቁለቱ አዞርነው። አጎቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ መኪናው ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቁት። አሮጌ የናፍጣ ሞተር የሚነድደው በኤሌትሪክ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነውና፣ በሦስተኛው ሙከራ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። ሴቲቱም ጤና ጣቢያ ከደረሰች ብዙም ሳትቆይ በሰላም ተገላገለች። ነገር ግን ያ በመግፋት ያለፈ ግማሽ ሰዓት ከአጎቴ ልብ አልወጣም። ሌሊቱን ሲመለሱ «ሌላ ሰው ረስቶት ቢሆን ኖሮ በተቆጣሁት ነበር፤ ራሴን ተቆጥቼ ግን ምን አተርፋለሁ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ነገሩን በቁጥር ለማየት ደብተሬን አወጣሁ። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ይወስዳሉ፤ የኋላ መብራቶቹና ሌሎቹ ትናንሽ አምፖሎች ሲጨመሩ ጠቅላላው 140 ዋት ያህል ይሆናል። ይህም ለ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 12 አምፔር ይጠጋል። 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ስሌት በ5 ሰዓት ውስጥ ይሟጠጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስንት ሰዓት እንደ ሆነ እናንተው ቁጠሩት። ሞተሪኖው ደግሞ ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ስለሚጠይቅ፣ ያረጀ ባትሪ ገና ሳይሟጠጥ አቅም ያንሰዋል፤ ብርድ ሲጨመርበት ይብስበታል።

አዳዲስ መኪናዎች ሾፌሩ መብራት ሳያጠፋ ሊወርድ ሲል በድምፅ ያስታውሱታል። የአጎቴ መኪና ግን በዕድሜ እኔን የሚበልጠኝ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ባለ 12 ቮልት የማስጠንቀቂያ ደወል ገዛሁ።

ደወሉ ሁለት ሽቦዎች አሉት። አንዱን ሽቦ የኋላ መብራት ኃይል ከሚያገኝበት ፊውዝ ጋር አገናኘሁት። የኋላው መብራት ከፊቱ ጋር አብሮ ስለሚበራ ምስክርነቱ ይበቃል። ከፊት መብራት ያልቀጠልሁበት ምክንያት ግን አለኝ፤ በአንዳንድ መኪናዎች የፊት መብራት ማብሪያው የሚያቋርጠው ከባትሪው የሚመጣውን ሳይሆን ወደ መኪናው ብረት የሚመለሰውን መስመር በመሆኑ፣ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ኃይል ይገኝበታል። ሁለተኛውን ሽቦ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ከመለኪያ ሰሌዳው ፊውዝ ጋር አያያዝሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራቱ በርቶ ሞተሩ ሲሠራ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ 12 ቮልት ይገኛል። የሁለት ኩሬዎች ውኃ እኩል ከፍታ ሲኖረው በመካከላቸው ባለው ቦይ ምንም እንደማይፈስ ሁሉ፣ በደወሉም ውስጥ ጅረት አይኖርም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። መብራቱ ሳይጠፋ ቁልፉ ሲዘጋ ግን የሁለተኛው ሽቦ ኃይል ይቋረጣል፤ ጅረቱም ከመብራቱ ወገን ተነሥቶ በደወሉና በመለኪያዎቹ በኩል ወደ መኪናው ብረት ይወርዳል። በዚህን ጊዜ ደወሉ ይጮኻል።

በዚያው ምሽት ፈተንሁት። መብራቱን አብርቼ ቁልፉን ስዘጋ ጮኸ፤ ቁልፉን ስመልስ ዝም አለ። ሥራዬ የተፈጸመ መስሎኝ በኩራት ተኛሁ። ጠዋት አጎቴ መብራት ሳያበሩ ሞተሩን ሲያስነሡ ግን ደወሉ ይጮኽ ጀመር፤ እስከ ገበያው ድረስም አላቋረጠም። «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ» አልኋቸው። ፈተና ደርሶብኝ ስለ ነበር ግን ቀን በቀን እያስተላለፍሁ ቆየሁ። አጎቴ በመጀመሪያው ቀን ታገሡት፤ በሁለተኛው ቀን ጨርቅ ወተፉበት፤ በሦስተኛው ቀን ሽቦውን ነቀሉት። በአራተኛው ቀን ከጣርማ በር ሲመለሱ መብራቱን እንደ ገና ረሱት። አንድ በመንገድ የሚያልፍ ልጅ አይቶ ባይነግራቸው ኖሮ ያ የኅዳር ሌሊት በተደገመ ነበር።

ያን ቀን ክፉኛ አፈርሁ። ደብተሬን ከፍቼ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ቁልፉም መብራቱም ሲዘጉ፤ ሁለቱም ሲከፈቱ፤ መብራቱ ብቻ ሲበራ፤ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፤ በጠቅላላው አራት ሁኔታዎች እንዳሉ ጻፍሁ። እኔ የፈተንሁት ሁለቱን ብቻ ነበር። በአራተኛው ሁኔታ ከቁልፉ ወገን የሚነሣው ጅረት በደወሉ ውስጥ ወደ ኋላ ተጕዞ በኋላ መብራቶቹ አምፖሎች በኩል ወደ ብረቱ ይወርዳል። ያ አሮጌ ደወል ደግሞ ጅረቱ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ የሚጮህ ዓይነት ነው።

መድኃኒቱ ትንሽ ነበር። ዳዮድ የሚባለው ዕቃ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ በአካሉ ላይ ያለው ቀለበት መሰል መሥመር የሚያመለክተውም ጅረቱ የሚወጣበትን ጫፍ ነው። ይህን ቀለበት ወደ ቁልፉ ወገን አድርጌ ዳዮዱን በደወሉና በሁለተኛው ሽቦ መካከል አስገባሁት፤ መጋጠሚያውንም በፕላስተር ጠቀለልሁት። ከዚያም አራቱን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ፈተንሁ። ደወሉ በሦስቱ ዝም አለ፤ በአንዱ ብቻ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ከአጎቴ ጋር ወደ ደብረ ሲና ሄጄ ነበር። ስንመለስ ጣርማ በርን በጭጋግ አልፈን ደብረ ብርሃን ስንገባ ፀሐዩ ደምቆ ነበር። አጎቴ መኪናውን አቁመው ቁልፉን ሲያዞሩ ደወሉ ጮኸ። እጃቸውን ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሰደው «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አሉት፤ ለሰው እንደሚመልሱ ሁሉ። ከጋቢናው ሲወርዱም ያ የምጥ ሌሊት ትዝ ብሏቸው ኖሮ «ይህ ያን ጊዜ በኖረ» አሉ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ ከጥፋት በኋላ የሚመጣ ቁጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው መሆኑን ነው፤ የረሳውን ሰው ያሳዝነዋል እንጂ አያስታውሰውም። ሁለተኛው፣ ዘወትር የሚጮህ ደወል ከማይጮህ ደወል እንደማይሻል ነው። አጎቴ ሽቦውን የነቀሉት ምክር ጠልተው አልነበረም፤ ደወሉ ያለ ጊዜው እየጮኸ እውነተኛ ጊዜው ሲደርስ የሚሰማው ጆሮ ስላሳጣው ነው። ስለዚህ ወንድማችሁን ወይም ጓደኛችሁን ልታስጠነቅቁ ስትነሡ፣ ቃላችሁ እውነት መሆኑን ብቻ ሳይሆን ጊዜው መሆኑንም መርምሩ። የእጃችሁንም ሥራ ተፈጸመ ከማለታችሁ በፊት፣ ይሠራል ብላችሁ ተስፋ ባደረጋችሁበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ፈትኑት።