ጥድና ቀጋ

በደጋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጥድና ቀጋ ጎን ለጎን ከቆሙ የሚከበረው ጥዱ ነው። ቁመቱ፣ ሽታው፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨቱ ሽማግሌ አስመስሎታል። ቀጋ ግን አጥር ናት፤ ነጠላ እየያዘች የምታስቀር፣ ከእረኛ በቀር ወዳጅ የሌላት። እኔ የማደላው ለእሷ ነው፤ ጥድ አንድም ቀን አብልቶኝ አያውቅም።

የዘር ቆጠራ ከተነሣ ጥድ የሚኮራበት አያጣም። ነገዱ የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ላይ ነበረ፤ የአበባ ዕፅዋት ቅሪተ አካል በርከት ብሎ የሚገኘው ከ130 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። ታዲያ ጥድ የሚቆጥረው የቅድመ አያቶቹን ዕድሜ ነው እንጂ የቅርብ ቤተሰቡስ ብቅ ያለው እጅግ ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያለ ባላባት በሰውም አይጠፋ።

ፍሬውም ቢሆን ነገር አለበት። ሴቴው ጥድ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ጠቆር ያለ ድቡልቡል ፍሬ አይደለም። አበባ የሌለው ፍሬ ከየት ያመጣል? ወንዴው ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፤ ሴቴዋ ሌሎች ዘመዶቿ እንደ እንጨት የሚያደርቁትን ቅርፊት አለስልሳና አጣብቃ ለወፍ ታቀርባለች።

ይህን ይዤ ለቀጋ ጥብቅና ልቆም ስል የራሷ ጉድ ወጣ። ነጩ አበባዋ እውነተኛ ነው፤ ንብ ይመስክር። የምንገምጠው ቀይ ሥጋ ግን ያበጠ የአበባ መቀመጫ ነው። ፍሬዎቿ እነዚያ ጠጕር የለበሱት፣ ዘር ናቸው ብለን እንትፍ የምንላቸው ናቸው። በልጅነታችን ያን ጠጕር የጓደኛ ኮሌታ ውስጥ ጨምረን እንሮጥ ነበር፤ ሲያክ ያመሻል።

ወፍ ግን በዚህ አይጨነቅም፤ የሁለቱንም እየዋጠ ዘራቸውን ከተራራ ተራራ ያደርሳል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመንና ዓሲር ተራሮች ላይ ሁለቱም አሉ። ጥድ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ዚምባብዌ ደርሷል፤ ከጥድ ዝርያዎች መካከል የምድር ወገብን በራሱ የተሻገረ ሌላ የለም። ቀጋ ደግሞ ከሰሃራ በታች ብቸኛዋ አገር በቀል ጽጌረዳ ናት።

ዝዋይ አካባቢ በፕላስቲክ ቤት የሚያድጉት ከውጭ የመጡት ጽጌረዳዎች ግን በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባሉ። ቀጋ እስካሁን ፓስፖርት አላወጣችም።